የአትንኩት አሮጌ በር

ሥራዬ መጠርጠር ነው። ሌላው ሰው ፕሮግራም ይጽፋል፣ እኔ ደግሞ የት ጋ እንደሚሰበር እፈልጋለሁ። ፈታሽ ነኝ። ባለቤቴ "አንቺ እኮ እንደምን አደርሽ ሲሉሽም ምን ፈልጎ ነው ትያለሽ" ይለኛል፤ አልዋሸም። እንዲህ ያለችው ሴት አትንኩትን ዓመታት ሙሉ አጠገቧ አስቀምጣ ምንም ሳትጠረጥር መኖሯ እስካሁን ይገርመኛል።

አትንኩት ቅጽል ስሙ ነው። ማንም ሰው ያረጀ ኮድ ላስተካክል ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ከመስኮቱ ጥግ "ይሠራል አይደል? እንግዲያው አትንኩት" የሚል ድምፅ ይመጣል። በዚያው ስሙ ሆኖ ቀረ። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ የወንበሩ እጀታ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አዲስ ወንበር ሲመጣለት ለእንግዳ ይሁን ብሎ ግድግዳ ጥግ አስቀመጠው። ስልኩ ደግሞ ቁልፎቹ ተፍቀው ቁጥራቸው የማይታይ ዓይነት ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ስልክ ከነቁጥሩ ሲሰጠው "የኔ ቁጥር ይበቃኛል" ብሎ መለሰ። ወጣቶቹ "ጋሼ፣ ስልክህ በዕድሜ ይበልጠናል እኮ፣ አንቱ ልንለው ነው" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል እንጂ አይቀይርም።

የምንሠራውን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው፦ እኛ ቤት አንሠራም፣ ሌሎች ቤት የሚሠሩበትን መሠረት እንሠራለን። ማዕቀፍ ይባላል። የክሊኒኩ ካርድ ክፍል፣ የትምህርት ቤቱ የውጤት መዝገብ፣ የመጋዘኑ የዕቃ ቁጥጥር፣ ሁሉም ፕሮግራማቸውን የሠሩት በእኛ መሠረት ላይ ነው። ጠዋት ፕሮግራማቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ እኛ ኮምፒውተር ጋ ይመጣና የሚያስፈልገውን ወስዶ ይሄዳል። የሚመጣበትን መንገድ እኛ በር እንለዋለን። የመጀመሪያውን በር የሠራው አትንኩት ነው፣ ያኔ ድርጅቱ በሁለት ክፍል ውስጥ ሳለ። በኋላ የተሻሉ በሮች ሠራን። አሮጌው ግን ዝም ብሎ አይነቀልም፤ በሱ ለምደው የሚገቡ ደንበኞች አሉና። ስለዚህ አዲስ ነገር በሠራን ቁጥር፣ አሮጌውን በር እንዳይሰብር ሌላ ሥራ እንሠራለን። ይሄ ሌላ ሥራ የአትንኩት ሥራ ነው። ከዚያ በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

አዲሱ አለቃ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰው ሲያናግር ተነስቶ ነው። ጨዋነቱ በዛብኝና ይበልጥ ጠረጠርኩት። በመጣ ሰሞን ሁላችንንም ሰብስቦ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አሳየን። ደንበኞች በየትኛው በር እንደሚገቡ ያሳያል። አዲሶቹ በሮች እንደ ገበያ ተጨናንቀዋል። አሮጌው በር ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ አለች።

"አንድ ፕሮግራም" አለ አለቃው። "አንድ ብቻ። ጠዋት ጠዋት ይመጣና ይሄዳል። ለዚህ ለአንድ ስንል ሁሉን ነገር ሁለቴ እንሠራለን። እስከ መቼ ነው?"

ሁላችንም ወደ መስኮቱ ጥግ ዞርን።

"አንድም ቢሆን ደንበኛ ነው" አለ አትንኩት ከወንበሩ ሳይነሳ። "ሰው ውስጡ እያለ መሠረቱ አይነቀልበትም። በእኛ ተማምኖ ነው የሠራው።"

"ጋሼ፣ እሱ ልክ ነው። ግን የዚያ በር ቁልፍ አርጅቷል። ሌባ የሚገባ ቢሆን በሱ ነው የሚገባው። የክሊኒኩ ሰዎች ካርድ ያለው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። እነሱስ በእኛ አልተማመኑም?"

ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ እኔን ያናደደኝም ይሄው ነው። አንዱ ቢዋሽ በቀለለኝ። በሩ ከተነሳ አትንኩትም አብሮ እንደሚነሳ ማንም በአፉ አላለም፣ ሁሉም ግን በልቡ ይዞት ወጣ።

በማግስቱ አለቃው ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። "እኔ ሰው መጠርጠር አልወድም" አለ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ ማንን እንደሚጠረጥር ለማወቅ ፈታሽ መሆን አያስፈልግም። "ያ ፕሮግራም ግን የማን ነው? ከደንበኞቻችን መሀል የሚያውቀው የለም። ጋሼን ብጠይቀው የድሮ ደንበኛ ነው ብሎ አለፈኝ። ልጠይቅሽ... ራሱ ቢሆንስ?"

"ራሱ ምን?"

"ጠዋት ጠዋት በሩን የሚያንኳኳ ትንሽ ነገር ሠርቶ ከሆነስ? በሩ ሰው እንዳለው እንዲመስል።"

ደሜ ፈላ። ዓመታት አብሮን የሠራን ሰው ገና ትናንት የመጣ ልጅ ሌባ ሲያደርገው ዝም ብዬ ልሰማ ነው? ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ግን ቀረሁ። ለካ እኔም ያንን ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ስገላብጠው ነው ያደርኩት።

"አጣሪልኝ" አለ። እሺ አልኩና ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ አትንኩትን እንደ ሰው ማየቴ ቀረ፤ እንደ ፕሮግራም አየው ጀመር። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። ሻይ ያመጣል። አይጠጣውም። ጥቁሩን ስክሪን ከፍቶ መስመሮች ሲያልፉ ያያል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ በሚጀምሩበት ሰዓት አካባቢ በአሮጌው በር አንዲት መስመር ትመጣለች። ትመጣለች፣ ወዲያው ትሄዳለች። ያን ጊዜ ብርጭቆውን ያነሳና ይጠጣል። ይህን ዓመታት ሙሉ አይቼዋለሁ፤ የሽማግሌ ልማድ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ሆዴ ጠረጠረ። ሰው ሻዩን ለመጠጣት የኮምፒውተር ፈቃድ ለምን ይጠብቃል?

አንድ ቀን መስመሯ ዘገየች። አትንኩት ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ እንደገና ተነሳ። ሻዩ ላዩ ላይ ስስ ነገር ሠራ። በመጨረሻ መጣች። ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ራሱ የሚያንኳኳ ሰው እንዲህ አይጨነቅም፣ አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ የሠራው ማታለያ ተበላሽቶበት ይሆናላ፣ አልኩ። የኔ ጭንቅላት እንዲህ ነው፤ ማረፊያ አይሰጥም።

ወንበሬን ሳብ አድርጌ ጠጋ አልኩት። "ማነው ይሄ ሰውዬ?"

"ደንበኛ ነው።"

"የቱ ደንበኛ?"

"የድሮ።" ይሄን ብሎ ስክሪኑን ትንሽ ወደ መስኮቱ አዞረው። አበቃ፣ አልኩ በልቤ። ፊት ለፊት የሚሠራ ሰው ስክሪኑን አያዞርም።

መስመሯ ከየት እንደምትመጣ ማወቅ ለኔ ከባድ አይደለም፣ እስከዛሬ ያላየሁት ስላልጠረጠርኩ ነው። ተከትያት ሄድኩ። ያደረሰችኝ ውሃ መሥሪያ ቤት ነው። እኛና ውሃ መሥሪያ ቤት የሚያገናኘን ቧንቧ ብቻ ነው፤ ደንበኛችን ሆነው አያውቁም። ታዲያ የዘመድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦት ቢሆንስ? ቦርሳዬን አነሳሁና ለባልደረቦቼ ውሃ ተቋርጦብኛል ብዬ ወጣሁ።

ስልክ የሚቀበሉበት ክፍል ምድር ቤት ነው። ጠባብ ናት፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጠረጴዛው ዘንድ አንዲት ሴት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይነ ስውር ናት። በአንድ ጆሮዋ የሚደውለውን ሰው ትሰማለች፣ በሌላው ደግሞ ዘመናዊ ስልኳ መልእክት ያነብላታል፤ እኔ አንድም ቃል ልይዝ አልቻልኩም፣ እሷ ግን በዚያ ፍጥነት እየሰማች ሰውዬውን "ነገ ጠዋት ይመጡልዎታል" ትለዋለች። ጥግ ላይ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። አየሁት። እሱ ነው።

"ምን ልርዳሽ?" አለች ስልኩን ዘግታ።

"ውሃ ተቋርጦብኝ..."

"ለውሃ አይደለም የመጣሽው። ለውሃ የሚመጣ ሰው ከደረጃው ጀምሮ እየጮኸ ነው የሚመጣው። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ስታዪኝ ነበር።"

እኔ ሰው ስፈትሽ ነው የኖርኩት፤ ሲፈትሹኝ ግን አልለመድኩም። ስለ ኮምፒውተሩ ነው አልኩ፣ ጥገና ምናምን እያልኩ ተንተባተብኩ።

ፊቷን አጠቆረች። "ማነው የላከሽ? እሱ ነው?"

"ማነው እሱ?"

"ወንድሜ ነዋ። ታሞ ነው?"

ወንድሜ። የቀረበልኝ ወንበር አልነበረም፣ እኔ ግን ተቀመጥኩ። አትንኩት እህት አለችው? አብረን ስንት ምሳ በልተናል፣ ልጆቼን በስም እየጠራ ይጠይቀኛል፣ እህት አለችኝ ብሎኝ አያውቅም።

"አልታመመም። ደህና ነው" አልኩ። ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንደመጣሁ እውነቱን ነገርኳት። ደህና ነው ስላት ፊቷ ረገብ አለ፤ ቀጥሎ የነገርኳትን ግን እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየጠየቀች ነው የተቀበለችኝ። ወንድምና እህት መሆናቸውን ያመንኩት ያኔ ነው፤ እሱም ነገር ሁለቴ ሳያጣራ አይቀበልም።

እሷ እዚህ ስትቀጠር በእኛ ቋንቋ ለዓይነ ስውር የሚያነብ ፕሮግራም አልነበረም። አለቆቿ ያለ ረዳት አትችይም አሏት። አትንኩት ያኔ ገና ማዕቀፉን ሠርቶ ጨርሶ ነበርና በላዩ ላይ ለእህቱ የሚያነብ ፕሮግራም ሠራላት። ድምፁን ከየት ያምጣ? የራሱን ቀረጸ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የጎረቤት ጫጫታ እንዳይገባ፣ ቃል በቃል እየጠራ ቀረጸላት።

"ስሚው" አለችና ኮምፒውተሩን ነካች።

"እንደምን አደርሽ" አለ አትንኩት። የዛሬው አይደለም፤ ወጣቱ፣ ያልጎበጠው አትንኩት። "ስልክ። መልእክት የለም። የእኔ ፋይሎች።" ቃሎቹ በየተራ፣ እየተቆራረጡ ወጡ።

"ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?"

"እናታችን የሞተች ጊዜ ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ብድግ ብሎ 'እሷ ብቻዋን አትችልም፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ናት' ብሎ ለዘመድ ሁሉ ተናገረ። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ! ጠየቀኝ? ዕቃ ይመስል ስለኔ ወሰነ። በራሴ እንጀራ የማድር ሰው ነኝ፣ እሱ ራሱ ነው በዚህ ፕሮግራም ያስቻለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከቤቴ ውጣ አልኩት። ወጣ። እሱም አልተመለሰ፣ እኔም አልጠራሁት።"

"ፕሮግራሙን ግን ትጠቀሚበታለሽ።"

"የለም። ስልኬ ሁሉን ያነብልኛል፣ ያውም አሥር እጥፍ ፈጥኖ። ይሄን ጠዋት ስገባ እከፍተዋለሁ። እንደምን አደርሽ ይለኛል። እዘጋዋለሁ።" ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አመላለሰች። "ስከፍተው እሱ ጋ እንደሚታይ አውቃለሁ። ሲሠራው ነግሮኛል። ደህና መሆኔን ይወቅ ብዬ ነው። እንደማያስፈልገኝ ግን እንዳትነግሪው፤ ጨርሳ ተወችኝ ይላል።"

ወደ ቢሮ የተመለስኩት በሁለቱም ተናድጄ ነው። ለአለቃው ምን ልበለው? ዋሽቼ ልሸፍናቸው አሰብኩ፤ ትልቅ ደንበኛ ነው፣ አይነካም ብል ያምነኛል። ደረጃውን ስወጣ አለቃው ራሱ ፊቱ ተለዋውጦ ጠበቀኝ። እኔ በሌለሁበት የማይታወቅ ሰው አሮጌውን በር ሲነካካ ውሏል። ቁልፉን እየሞከረ። አልገባም፣ ግን ነገም ይሞክራል። አለቃው ይሄን ሰበብ ፈጥሮ ይሆን ብዬ ራሴ ፈተሽኩ። አልፈጠረም። ሙከራው እዚያው ተመዝግቧል።

የክሊኒኩን ታማሚዎች አሰብኩ። በአንድ ወንድምና እህት ኩርፊያ የእነሱን ገመና ማስያዝ አልቻልኩም። "ደንበኛው እውነተኛ ሰው ነው" አልኩት። "የአትንኩት እህት ናት። ያለዚያ በርም መሥራት ትችላለች። እሱ ምንም አላታለለም።"

አለቃው አቀረቀረ። አፍሮ ነው መሰለኝ፤ መቼም የኔ ነገር፣ ደስታውን እየደበቀ ይሆን ብዬም አይቼዋለሁ። "እንግዲያው በሩ ይዘጋ" አለ በመጨረሻ። "ጋሼ የትም አይሄድም፤ አዲሶቹን በሮች ስንሠራ ነገ ማን እንደሚጎዳ የሚያስብ ሰው ያስፈልገኛል። መዝጊያውን መልእክት ግን እሱ ይጻፈው።"

ደንባችን ነው። በር ስንዘጋ በዚያ ለሚመጣው ሰው "ይሄ ተዘግቷል፣ በዚህ ፈንታ እንዲህ አድርግ" የሚል መልእክት እንተዋለን። አትንኩት ራሱ ያመጣው ደንብ ነው።

ሄጄ ነገርኩት። በሩ ሊዘጋ ነው፣ ለምን እንደሆነም። ስክሪኑን እያየ ሰማኝ።

"ማን እንደሆነች አውቀሻል" አለ።

"አውቄያለሁ።"

"ደህና ናት?"

"ካንተ ትሻላለች።"

ፈገግ ሊል ሞከረ። "ፕሮግራሙንም አትጠቀምበትም" አለ። እኔ እንዳትነግሪው ብላኛለችና ስክሪኑን ማየት ጀመርኩ። "እንዳትደብቂኝ። ከፍታ ወዲያው ነው የምትዘጋው። በዚያች ቅጽበት ማን ምን ይሠራል? ከተወችው ቆይታለች። ለኔ ብላ ነው የምትከፍተው።"

"ካወቅክ ስልኩን አንስተህ አትደውልም ነበር?"

"ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። ይሠራል። የሚሠራን ነገር ለምን እነካለሁ? ብደውልላትና ባታነሳስ? ከዚያ ይቺም መስመር ትቀራለች።"

"ይሄ ሠራ ይባላል?" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣቶቹ ዞረው አዩን። "አንዲት ቃል ሳትነጋገሩ እያረጃችሁ፣ ይሄ ሠራ ይባላል?"

ወደ ስክሪኑ ዞረ። አንጀቴን በላው፣ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መልእክቱን ሲጽፍ ዋለ። ለሁለት መስመር ነገር ይሄን ያህል መቆየቱ አሁንም አስጠረጠረኝና ሄጄ በትከሻው አየሁ። ለካ ችግሩ ሌላ ነው። የእህቱ ፕሮግራም ማንበብ የሚችለው እሱ ያኔ የቀረጸለትን ቃል ብቻ ነው። አዲስ ድምፅ ቅረጽ አልኩት፤ አሮጌው አይቀበልም አለኝ። ልቡ ውስጥ ያለው ሁሉ በፕሮግራሙ ቃላት ውስጥ የለም። ያሉትን አንድ በአንድ እየከፈተ ይሰማል፦ ስልክ፣ መልእክት፣ ቁጥር፣ ቆይ፣ የለም። የወጣትነት ድምፁ እየመለሰለት፣ ከዚያ መሀል እየመረጠ፣ እየተወ፣ እንደገና እየመረጠ ሠራት። ሲጨርስ እኔ ፈተሽኳት፤ ሥራዬ ነው። ትሠራለች አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሻዩን አምጥቶ ተቀመጠ። እኔም ወንበሬን ሳብኩ። ያ የተፋቀ ስልክ ከብርጭቆው አጠገብ አለ። ቁጥሩን ለምን እንዳልቀየረ ለመጠየቅ ጊዜው አልነበረም፣ ደግሞም ገብቶኛል።

መስመሯ መጣች። በሩ ዝግ ነው። እዚያ ማዶ፣ በአረንጓዴው ክፍል ውስጥ፣ "እንደምን አደርሽ" ከማለት ፈንታ ወጣቱ አትንኩት በተቆራረጠ ድምፅ ሲናገር ታወቀኝ፦ "ስህተት። የእኔ። ይቅርታ። ስልክ። ደውዪ።"

ምንም የለም። ሻዩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። እኔ ክፉ ክፉውን አሰብኩ፤ አላዳመጠችው ይሆናል፣ ተናዳ ዘግታው ይሆናል፣ የፈተሽኩት ተበላሽቶ ይሆናል።

ስልኩ ጮኸ። አትንኩት አየው እንጂ እጁን አልዘረጋም።

"ዛሬ አትንኩት ብትለኝ እገልሃለሁ" አልኩት። አነሳው። ያ ስልክ ድሮውንም የሚናገረው ለክፍሉ ሁሉ ነው።

"'የእኔ' የምትለዋን 'የእኔ ፋይሎች' ከሚለው ላይ ነው የቆረጥካት፣ አይደል?" አለች እህቱ፣ ሰላምም ሳትለው።

"ሌላ አልነበረኝም" አለ።

በእሷ በኩል ሌሎች ስልኮች ሲጮሁባት ይሰማል፣ አታነሳቸውም።

"ድምፅህ አርጅቷል" አለች።

"የድሮው ይሻልሻል?"

"አይ" አለችው። "ይሄኛው ይመልስልኛል።"